የደም መጣጭ ነፍሳት ቅኝት ምንድን ነው? የቻጋስ በሽታ አስተላላፊዎችን በቤት ውስጥ መከታተልና መቆጣጠር

የቻጋስ በሽታ በላቲን አሜሪካ ገጠሮች ከጭቃ ግድግዳና ከሳር ክዳን ጋር ተቆራኝቶ የኖረ ሕመም ነው። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ በ1909 እ.ኤ.አ. በሚናስ ዤራይስ ግዛት፣ ላሳንስ በምትባል ቦታ፣ ሕመሙንም መንሥኤውንም አስተላላፊውንም ለዓለም አሳወቀ። መንሥኤው ትሪፓኖሶማ ክሩዚ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ነው። በአገራችን ከብቶችን በገንዲ ከሚያጠቁት ተህዋስያን ጋር ወገኑ አንድ ቢሆንም፣ ይህኛውን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ሳይሆን የትኋን ዘመድ የሆነ፣ ግን ከትኋን እጅግ የሚገዝፍ ደም መጣጭ ነፍሳት ነው። አርጀንቲናውያንና ቦሊቪያውያን ቪንቹካ ይሉታል፤ ብራዚላውያን ደግሞ ሌሊት ፊትን ስለሚነክስ ባርቤይሮ፣ ማለትም ጢም ላጭ፣ ብለው ሰይመውታል።

ተህዋሱ የሚገኘው በነፍሳቱ ምራቅ ሳይሆን በዓይነ ምድሩ ውስጥ ነው። ነፍሳቱ ደም ጠጥቶ ሲጠግብ እዚያው አጠገብ ይጸዳዳል፤ የተነከሰው ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሲያክ ተህዋሱ በቁስሉ ወይም በዓይኑ በኩል ወደ ሰውነቱ ይገባል። ከተያዙት ሰዎች እስከ ሲሶ የሚደርሱት ከብዙ ዓመታት በኋላ የልብ ሕመም ያገኛቸዋል። ክትባት ስለሌለው፣ ዋናው መከላከያ ነፍሳቱን ከመኖሪያ ቤት ማራቅ ነው።

ቅኝት የሚባለው እንግዲህ ነፍሳቱ በየትኛው ቤት፣ በየትኛው የቤቱ ክፍል እንዳሉ፣ ከርጭት በኋላም ተመልሰው እንደሆነ በቋሚነት የመከታተል ሥራ ነው። ብዙ ሰው ቁጥጥር ሲባል ርጭቱን ብቻ ያስባል፤ በእኔ እምነት ግን ዘላቂ ውጤት የሚያመጣው ከርጭቱ በኋላ የሚቀጥለው ክትትል ነው። በወባ ጊዜ የሚረጨውን ኬሚካል የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል፦ የወባ ትንኝ ግድግዳው ላይ አርፋ ትሄዳለች፣ ቪንቹካ ግን እዚያው ስንጥቁ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል፣ ይፈለፈላል፣ አምስት የዕድገት ደረጃዎችን አልፎ ክንፍ ያወጣል፤ ደም ሳያገኝም ለወራት መቆየት ይችላል።

ፍለጋው ትዕግሥት ይጠይቃል። የሠለጠነ ሠራተኛ ባትሪ ይዞ የአልጋውን ዙሪያ፣ የሥዕሎችን ጀርባና የግድግዳውን ስንጥቅ ለተወሰነ ጊዜ ይፈትሻል፤ ነፍሳቱን ከመሸሸጊያቸው የሚያስወጣ መድኃኒትም ይነፋል። ግድግዳ ላይ የሚታዩ ነጭና ጥቁር የዓይነ ምድር ነጠብጣቦች ነፍሳቱ ለመኖራቸው ምልክት ናቸው። ይሁንና ነፍሳቱ ጥቂት ሲሆኑ ለአንድ ሰዓት የመጣ ባለሙያ ሊያጣቸው ይችላል፤ በየሌሊቱ እዚያ የሚተኛው ባለቤት ግን ያገኛቸዋል። ስለዚህ በብራዚል ነዋሪዎች ያገኙትን ነፍሳት የሚያስረክቡባቸው ጣቢያዎች በየአካባቢው ተቋቁመዋል።

ለርጭት የሚውሉት በአብዛኛው እንደ ዴልታሜትሪን ያሉ፣ ፓይሬትሮይድ የሚባሉ የፀረ ነፍሳት ኬሚካሎች ናቸው። እንቁላልን እምብዛም ስለማይገድሉ፣ በኋላ የሚፈለፈሉትን ለመያዝ ርጭቱ ይደገማል። በ1991 እ.ኤ.አ. አርጀንቲና፣ ቦሊቪያ፣ ብራዚል፣ ቺሊ፣ ፓራጓይና ኡራጓይ በጋራ ዘመቻ ተነሡ። በዋናው አስተላላፊ፣ በትራያቶማ ኢንፌስታንስ፣ አማካይነት የሚደርሰው መተላለፍ ኡራጓይ ውስጥ በ1997፣ ቺሊ ውስጥ በ1999፣ ብራዚል ውስጥ በ2006 መቋረጡ ተረጋገጠ። የሚያስደንቅ ድል ነው።

አርጀንቲናን፣ ቦሊቪያንና ፓራጓይን በሚያካልለው በግራን ቻኮ ደረቅ ምድር ግን ነፍሳቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ፀሐይና ዝናብ በጉረኖና በዶሮ ቤት ላይ የተረጨውን ኬሚካል ቶሎ ያዳክሙታል፤ በአንዳንድ የአርጀንቲናና የቦሊቪያ አካባቢዎች ደግሞ ነፍሳቱ መድኃኒቱን ተላምደዋል። ዶሮዎች በተህዋሱ ባይያዙም ደማቸው ነፍሳቱን ያራባል፤ ውሾች ግን ተህዋሱን ራሱን ይሸከማሉ። ከዱር ወደ ቤት የሚገባውን ሌላውን የነፍሳቱን ዝርያ፣ ትራያቶማ ዲሚዲያታን፣ ለመከላከል፣ በጓቴማላ ሁቲያፓ አካባቢ ነዋሪዎች ከአካባቢያቸው በሚገኝ የእሳተ ገሞራ አመድና ኖራ ግድግዳቸውን ለስነው ስንጥቁን ደፍነዋል፤ መሸሸጊያውን ራሱን የሚያጠፋ በመሆኑ ይህን መንገድ ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ።

ነፍሳቱን ያገኘ ሰው በባዶ እጁ ሊጨፈልቀው አይገባም። በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ በመያዝ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቀኑንና የተገኘበትን ቦታ፣ መኝታ ቤት ይሁን ዶሮ ቤት፣ ጽፎ ለጤና ሠራተኛ ያስረክባል። ሠራተኛውም ፈጥኖ ቤቱን መጎብኘት ይኖርበታል፤ ነፍሳት አምጥቶ ማንም ያልመጣለት ቤተሰብ ሁለተኛ አያመጣምና።