ስሙ ብር፣ ክብደቱ እርሳስ፦ የሴሮ ጎርዶ ማዕድን

በካሊፎርኒያ ኢንዮ ተራሮች ላይ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሥራ የጀመረው ሴሮ ጎርዶ በብር ማዕድንነቱ ቢታወቅም፣ ከማቅለጫዎቹ ይወጣ የነበረው ብረታ ብረት በአብዛኛው እርሳስ ነበር። አንባቢን የሚያደናግረው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ግን በድንጋዩ ውስጥ አለ።

ከምድር ጥልቀት የወጣ ማዕድን አዘል ትኩስ ውኃ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ በቦታው ጋሌና የተባለውን የእርሳስና የድኝ ውህድ አስቀመጠ። ንጹሕ ጋሌና 86.6 በመቶው እርሳስ ሲሆን፣ ብሩ በውስጡ የሚገኘው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሆኖም ዋጋው እጅግ ከፍ ስለሚል የማዕድኑን መጠሪያ የወሰነው እርሱ ነው። ወደ ገጹ በቀረበው ክፍል ደግሞ አየርና የዝናብ ውኃ ጋሌናውን ወደ እርሳስ ካርቦኔት ለወጡት፤ አብሮት የነበረው ዚንክ የተባለው ብረታ ብረት ግን በቀላሉ ስለሚሟሟ ተጉዞ በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ለብቻው ረጋ። የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ትኩረት ያልሰጡት ይህ የዚንክ ማዕድን በ1910ዎቹ ቦታውን እንደገና ሕይወት ዘራበት።

እርሳሱ ሸክም ብቻ አልነበረም፤ በእቶን ውስጥ ቀልጦ ሲወርድ ብሩን ይሰበስባል፤ በኋላም ቅልቅሉ በትኩስ አየር ሲመታ እርሳሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይለያል፣ ብሩም ይቀራል። ሞርቲመር ቤልሾና ቪክቶር ቦድሪ በሴሮ ጎርዶ ያቆሟቸው እቶኖች ግን የሚያመርቱት ያልተለየውን ቅልቅል ነበር፤ ይህም በበቅሎ በሚጎተቱ ሠረገላዎች በረሃውን አቋርጦ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ማጣሪያ ይላክ ነበር።