ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሕያዋን ጥናት ነው?

ይህ ጥያቄ በመካከላችን ደጋግሞ ስለሚነሳ በግልጽ ልመልሰው። አይደለም፤ በሕያዋን አካል ውስጥ የሚካሄደውን ኬሚካዊ ሂደት የሚያጠናው ባዮኬሚስትሪ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚያተኩረው በካርቦን ውህዶች ላይ ነው፤ ውህዱ ከተክል ተገኘ፣ ከነዳጅ ዘይት ወጣ ወይም በፋብሪካ ተሠራ ለውጥ የለውም። ፕላስቲክም ኦርጋኒክ ነው።

ግራ መጋባቱ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ሊቃውንት እነዚህን ውህዶች መሥራት የሚችለው ሕያው አካል ብቻ እንደሆነ ያምኑ ነበር። በ1828 እ.ኤ.አ. ግን ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቮለር በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ኩላሊት፣ በቤተ ሙከራ ሠራ። እኔ በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥብኝ ሙከራ ጥቂት ነው።

የኬሚስትሪ ዘርፎችን የሚለየው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። አስፕሪንን እንውሰድ። ከሳሊሲሊክ አሲድ እንዴት ይሠራል? ኦርጋኒክ። በክኒኑ ውስጥ ምን ያህል አለ? ትንተናዊ ኬሚስትሪ። በምን ፍጥነት ይሟሟል? ፊዚካል ኬሚስትሪ። በሰውነት ውስጥ የትኛውን ኢንዛይም ያግዳል? ባዮኬሚስትሪ። ኢኦርጋኒክ ደግሞ በብረታ ብረት፣ በማዕድናትና በጨዎች ላይ ያተኩራል።

እስከዚህ ያለው ብዙ አያከራክርም። ድንበሩ ግን የስምምነት ጉዳይ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን ቢኖረውም በልማድ ከኢኦርጋኒክ ጋር ይመደባል። የዘርፎቹ ቁጥርም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ባዮኬሚስትሪን ራሱን የቻለ ሳይንስ ያደርጉታል።