«ሙያ የላትም» ስለምንላት የገጠር ሴት

«ምንም ሙያ የላትም።» ስለ ገጠር ሴት ሥራ ደጋግመን ከምንሰማቸው አባባሎች አንዱ ይህ ነው፤ ያመኛል። እስቲ ሸክላ የምትሠራ ሴት አጠገብ ትንሽ ቁጭ በሉ። ጭቃውን በጣቷ ፈትጋ ታውቀዋለች። ከለሰለሰባት የተወቀጠ ገል ትቀላቅልበታለች፣ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ። ውስጡ ሳይደርቅ ከተተኮሰ እንደሚፈነዳም ታውቃለች፤ ከእናቷ አይታ፣ ስንቱን ሰብራ የተማረችው ነው። ጓዳ ውስጥ ስትሆን «ባለሙያ» እንላታለን። ሥራዋን ገበያ ስታወጣ ግን ሙያ የሌላት ትሆናለች! የሌላት ምስክር ወረቀት ነው።

«ኢመደበኛ ሥራ መደጎሚያ እንጂ ሥራ አይባልም።» እንደ እሷ ያለ ምዝገባና ያለ ውል የሚሠራውን ማለታቸው ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት 2 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም ከዓለም ሠራተኛ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ የሚተዳደረው በዚሁ ሥራ ነው።

«ብድር ይሰጣት፣ ሌላው በራሱ ይስተካከላል።» እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ታትመው ነበር። አነስተኛ ብድር የጠቀማቸው አሉ፤ ብዙዎቹን ግን ከድህነት አላወጣም። ዕቃው ሳይሸጥ የመክፈያው ቀን ከች ይላል። ለብዙዎቹ ቁጠባ ቢቀድም ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ኬር የተባለው ድርጅት ያስጀመራቸው የሴቶች ቁጠባ ቡድኖች ከውጭ ብድር አልገባላቸውም። ሴቶቹ ያጠራቀሙትን እርስ በርስ ይበዳደራሉ፤ ወለዱንም ራሳቸው ይከፋፈሉታል።

«ቀጣሪ ስለሌላቸው መደራጀት አይችሉም።» የሕግ ባለሙያዋ ኤላ ባት እ.ኤ.አ. በ1972 በሕንዷ አህመዳባድ በግላቸው የሚሠሩ ሴቶችን ማኅበር፣ ሴዋን፣ ሲያቋቁሙ ከመንግሥት በኩል የገጠማቸው ይኸው ነበር። ማኅበር ቀጣሪን ለመሟገት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን አንድ ለማድረግም ይቋቋማል ብለው ተከራከሩ። ተመዘገበላቸው። ዛሬ አባላቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

«ገንዘብ ካገኘች በቃ፣ ራሷን ቻለች።» ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዕቃዋን ገበያ ወስዶ የሸጠው ማን ነው? ገንዘቡስ በማን ስልክ ገባ? ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አስተኝታ በተረፋት ሰዓት የምትሠራ ሴት ላይ ሌላ ሥራ መደረብ ድካሟን ብቻ ሊያበዛ ይችላል። አንዳንዴ ከሥልጠናው በፊት የሚያስፈልጋት ቅርብ ያለ የውኃ ቧንቧ ነው። ሰዓቷን ይመልስላታል። ከዚያ ደግሞ በራሷ ስም የተከፈተ ሒሳብ፣ የሚስጥር ቁጥሩን እሷ ብቻ የምታውቀው።