ሕፃናትን ይዞ ሙዚየም መሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይዞ የሚኬድበት ቦታ ከቀድሞው በዝቷል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ፤ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ በ2016 ተከተሉት። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ ያሉት ነባር ሙዚየሞችም እንዳሉ ናቸው። ቦታው ቢበዛም ወላጆች ስለ ጉዞው የሚሉት ነገር ብዙም አልተቀየረም፤ ቀኑ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው የተነሳ ነው።

«ገና ሕፃን ነው፤ ምን ይገባዋል?»

«3.2 ሚሊዮን ዓመት» የሚለው የድንቅነሽ ቅሪተ አካል ዕድሜ ለሦስት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም። እውነቱን ለመናገር ለአዋቂም የሚጨበጥ አይደለም። ሕፃን የሚይዘው መጠንን፣ ቁጥርን እና «ይሄ የማነው?» የሚለውን ነው። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ማለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ማታ የበሩ መቃን ላይ 1.10 ሜትር ለክታችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ልጁንም ከጎኑ አቁሙት። በማግስቱ ብሔራዊ ሙዚየም ሲገባ የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል፦ «እኔን የምታክለዋ የታለች?»

ለትንንሾቹ ደግሞ ሰላም አለች። በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ቅሪተ አካል የአዋቂ ሳይሆን የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። ዕድሜዋም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሚጠጋ ከድንቅነሽ ትቀድማለች። «አንቺን የምታክል ልጅ ነበረች» ማለት ለአንዲት ሦስት ዓመት ልጅ በቂ ማብራሪያ ነው። እንዴት እንደሞተች እስክትጠይቃችሁ ድረስ አትጀምሩት።

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለሕፃናት የሚመች አንድ ነገር አለው። ዐውደ ርእዩ በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው የሕይወት ዘመን ነው የተደራጀው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞት። ከልጅነቱ ክፍል ጀምሩ፤ ልጁ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ እዚያው ጨርሱ። የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም በቦታው አለ። ለሕፃን ከዘውድ ይልቅ «ንጉሡም ይታጠቡ ነበር» የሚለው ይበልጥ ያስገርማል። ግቢው ውስጥ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ተብሎ የተሠራ ነው። ከድሉ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጁ እርከኖቹን ይቁጠር፣ አንበሳውንም ይፈልግ፤ ለዚያ ዕድሜ ይህ ሙሉ የታሪክ ትምህርት ነው።

«ከመጣን አይቀር ሁሉንም አይተን እንውጣ»

ከሁሉም በላይ ጉዞ የሚያበላሸው ይሄ ነው። በር ላይ የተከፈለውና የታክሲው ሂሳብ ያስቆጫል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ስለዚህ ከምድር ቤቱ እስከ ላይኛው ፎቅ ልጁ እየተጎተተ ይዞራል። መለኪያ ከተፈለገ፦ ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ለ4 እና ለ5 ዓመት 45 ደቂቃ ያህል፣ ለ6 እና ለ7 ዓመት አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ውጭ መሮጥ አለበት።

ለምን ቶሎ እንደሚሰለቹ ለማወቅ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከልጁ ዓይን ትክክል ተመልከቱ። ብዙዎቹ የመስታወት ሣጥኖች የተቀመጡት ለአዋቂ ነው፤ ልጁ የሚያየው የሣጥኑን እግር፣ የሰውን ጉልበትና የመብራቱን ነጸብራቅ ነው። በየሣጥኑ እያነሳችሁ ካሳያችሁት ደግሞ በአሥረኛው ላይ እናንተም እሱም ትደክማላችሁ። ስለዚህ ቀድማችሁ ሦስት ነገር ምረጡ፤ ልጁ የሚታቀፈው ለእነዚያ ብቻ ነው።

ብሔራዊ ሙዚየም ከሆነ እግር ሳይዝል መጀመሪያ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ። ድንቅነሽና የጥንት እንስሳት ቅሪቶች ያሉት እዚያ ነው። ቀጥሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ የእንጨት ዙፋን፤ ለልጅ ግዙፍነቱ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ከሥዕሎቹ አንዱ ይሁንና «እስቲ ፈረስ ፈልግ» በሉት። ከዚያ ወደ አትክልቱ። የቀረውን ማየት የሚፈልግ አዋቂ ካለ በየተራ ይግባ፤ አንዱ ውጭ ከልጁ ጋር 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይቀያየሩ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ልጁ ቁርስ በልቷል፣ የቀን እንቅልፉ ገና ነው፤ በክረምትም ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጠነክራል። በትምህርት ቀን ተማሪዎች በአውቶቡስ ደርሰው ምድር ቤቱን ከሞሉት አትጋፉ፤ የላይኛውን አስቀድሙ ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ።

«መስታወት ውስጥ ያለችው ራሷ ድንቅነሽ ናት»

ለጎብኚ በየቀኑ የሚታየው ከዋናው አጥንት በቅርጽ የተቀዳ አምሳያ ነው፤ አንደኛው የተጋደመ፣ ሌላው የቆመ። ዋናው አጥንት ተሰባሪ ስለሆነ በጥንቃቄ ተለይቶ ይቀመጣል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው የአፅሟ 40 በመቶ ያህል ነው፤ የጎደለውን ሳይንቲስቶች ከተገኘው ተነስተው ሞልተውታል። ይህን ለልጅ መንገር ድምቀቱን አይቀንሰውም። የስድስት ዓመት ልጅ «ይሄ እውነተኛ ነው?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር እውነተኛውን መልስ ያግኝ።

«ደጋግሞ አትንካ ማለት ነው መፍትሔው»

ሕፃን «አትንካ» ሲባል የሚሰማው «ንካ» የሚለውን ነው። ይልቅ እጁ ሥራ ይኑረው፦ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ፣ ምክንያቱም ቀለም ያረፈበት ግድግዳ ወይም ጨርቅ አይጸዳም። በተጨናነቀ ክፍል «እጃችንን ወደ ኋላ» የሚል ጨዋታ ይሠራል፤ አዋቂውም አብሮ ሲያደርገው ነው ታዲያ። ምክንያቱንም ንገሩት፦ እጅ ላይ ላብና ቅባት አለ፣ ብረትን ያዝጋል፣ ብራናን ያቆሽሻል።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ባለው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ችግሩ መንካት ሳይሆን መፍራት ሊሆን ይችላል። እንስሳቱ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ ናቸው። በር ላይ ሳትደርሱ «አይንቀሳቀሱም፣ አይናከሱም» ብላችሁ ንገሩት።

«ለመንገድ ቆሎ ይበቃል»

ለአዋቂው አዎ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎ፣ ለውዝና ፈንድሻ ለመታነቅ ዋና መንስኤ ከሚሆኑት ምግቦች ውስጥ ናቸው። መንጋጋው እንደ አዋቂ አይፈጭም፣ የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ እየሮጠና እየሳቀ ነው የሚበላው። ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ጭኮ ያዙ። ወይን ከሆነ በቁመቱ አራት ቦታ ተቆርጦ፣ ቤት ውስጥ። ፍተሻ ላይ ቢላዋ አያሳልፏችሁም።

ቢያንቀውና በኃይል እየሳለ ከሆነ ይሳል፣ አታቋርጡት። ድምፅ ማውጣት ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆናችሁ ከእንብርቱ በላይ በጭብጥ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ፤ እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሆዱ አይገፋም፤ የደረቱ አጥንት መካከል በሁለት ጣት ይጫናል።

መብላት ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ ነው። ዳቦ ፍርፋሪ ነፍሳትንና አይጥን ይጠራል፤ እነሱ ደግሞ ጨርቅ፣ ቆዳና ብራና ይበላሉ።

«ጋሪ ካለ ይቀላል»

ፓርክ ውስጥ አዎ። በአሮጌ ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ግን ጋሪው ራሱ ሁለተኛ ልጅ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ማዘያ ይሻላል፤ ጠባብ ክፍል ሲገባ በፊት በኩል ይታዘል። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ እናቱ ዞር ባለች ቁጥር የማታየውን ነገር ይይዛል።

«እንጦጦ ብርድ ነው፤ ፀሐይ አያስፈራም»

ብርዱ ነው የሚያታልለው። ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ እንጦጦ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስስ ደመናም ብዙውን ያሳልፈዋል። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ስስ ልብስና ከላይ የሚደረብ ሹራብ ያዙ፤ ፀሐይዋ ከበረታችበት ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ስር ሁኑ። ወደ ላይ ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጅ ወተት ጠጥቶ ወዲያው መኪና ውስጥ አይግባ።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የሚመጡ ቤተሰቦች እንጦጦን የመጀመሪያ ቀን ዕቅድ ባያደርጉት ይመከራል። ከባሕር ጠለል አካባቢ ለመጣ ሕፃን አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ናት። ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ይቆይ። መናገር የማይችል ልጅ ራስ ምታቱን የሚነግረው በመነጫነጭ፣ ምግብ በመተው፣ እንቅልፍ በማጣት ወይም በማስታወክ ነው። ይህ ከፍ ብሎ ሳለ ከታየ መፍትሔው መውረድ ነው፤ ከወረደም በኋላ ካልተሻለው ወደ ሐኪም።

«አንበሳው ሲያገሳ ያየዋል»

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል ወይም ይተኛል። አንድነት ፓርክ ያለውን ባለ ጥቁር ጋማ አንበሳ ለማየት በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይከር ሂዱ። ለልጁም «ተኝቶ ሊሆን ይችላል» በሉት፤ አለበለዚያ የሚያለቅሰው በአንበሳው ሳይሆን በገባችሁለት ቃል ነው።

«ብዙ ሰው ስላለን ልጁ አይጠፋም»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎትና ጎረቤት ባሉበት ሁሉም «እገሌ ጋር ነው» ይላል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አዋቂ በስም ይመደብ፤ ሲያስረክብም «አንቺ ጋር ነው» ብሎ በአፉ ይናገር። ስሙን ማወቁም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሕፃን እናቱን «እማዬ» እንጂ በስሟ አያውቃትም፤ የእናትና የአባቱን ሙሉ ስም አለማምዱት። ስልክ ቁጥር በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ከውጭ የመጣችሁ ከሆነ እዚህ የሚሠራው ቁጥር። ስሙን ግን ሸሚዙ ላይ አትጻፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሲጠራው ያውቀኛል ይላል። በር ላይ ፎቶ አንሱት፤ ምን ለብሶ እንደነበር በድንጋጤ ሰዓት አይታወስም። የሚማረው ሕግ አንድ ነው፦ ከጠፋህ እዚያው ቁም፣ ጮክ ብለህ ጥራን።

«ታሪካቸው ነው፤ ሁሉንም ይዩ»

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሰው አፅም፣ የራስ ቅልና የሟቾችን ፎቶግራፎች ያሳያል። ለአዋቂና ለጎረምሳ አስፈላጊ ቦታ ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን አይደለም። ከድንቅነሽ አፅም የሚለየው እዚህ ያለው የሰዎች ግድያ መሆኑ ነው፤ ልጁም ይህን ከወላጁ ፊት ያነበዋል። የቤተሰቡ አዋቂዎች መግባት ካለባቸው አንዱ ልጆቹን ይዞ አደባባዩ ላይ ይጠብቅ። ሳታውቁ ከገባችሁ በጸጥታ ታቅፎ መውጣት ይቻላል። ማታ ሲተኛ ቢጠይቅ «መጥፎ ሰዎች ሰው የጎዱበት ጊዜ ነበር፤ አሁን አልፏል፤ አንተ እኛ ጋር ነህ» ማለት ለዚያ ዕድሜ በቂ ነው፤ ዝርዝሩን እስኪያድግ አቆዩት።