ሚኒቫን ከስሩ ብረት ይታሰርለት? ስለ ስኪድ ፕሌት የሚባለውና እውነታው

ቤተሰቡን ጭኖ ሲሄድ ከመኪናው ሆድ «ቋ!» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው፣ በማግስቱ ስለ ስኪድ ፕሌት መጠየቁ አይቀርም። ስኪድ ፕሌት ሞተሩን ከድንጋይ ምት እንዲከልል ከስር የሚታሰር ጠንካራ ብረት ነው። የሚሰጠው ምክር ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

«ይሄ የጂፕ ዕቃ ነው፤ ለሚኒቫን ምን ያደርግለታል?»

እንዲህ የሚሉ ሰዎች የመኪናውን ስም እንጂ ከመሬት ያለውን ርቀት አላዩም። ብዙ ሚኒቫኖች ባዷቸውን ሲቆሙ ሆዳቸው ከመሬት የሚርቀው ከ13 እስከ 17 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ጂፕ ሳይነካው የሚያልፈው ድንጋይ፣ የሚኒቫኑን የሞተር ዘይት የያዘውን ኮፓ ሊያገኘው ይችላል። ርዝመቱም አለ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጎማዎቹ ጉብታውን ከፊትና ከኋላ ይዘው ሳለ ሆዱ አናቱ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን ደግሞ ሰው እንጫንበት። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ 7 ሰዎች 490 ኪሎ ናቸው፤ ሻንጣው ገና አልተቆጠረም። ሞላው ሲጨመቅ ያ ጥቂት ከፍታ ይበልጥ ያንሳል። ስለዚህ ከፍታውን የምትለኩት ቤተሰቡ ተሳፍሮ፣ ዕቃው ተጭኖ ይሁን። የዘወትር መንገዱ ደህና አስፋልት የሆነ ሚኒቫን ግን ያለዚህ ብረት ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ ገንዘቡ ለጎማና ለፍሬን ቢውል እመርጣለሁ።

«ፋብሪካው ያሰረው ጥቁር ሽፋን ይበቃል»

አይበቃም። ሽፋኑ በአብዛኛው ፕላስቲክ ወይም የታመቀ ጨርቅ መሰል ነገር ነው። ሥራው ውኃና ጭቃ እንዳይረጭ መከልከል፣ ድምፅ መቀነስና የአየሩን ፍሰት ማስተካከል ነው። በእጅ ሲገፉት ይጎብጣል።

የራሴን መኪና ከስር በባትሪ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም። ፕላስቲኩ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ታጥፏል። በስንጥቁ በኩል የኮፓው ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ ገና የምታብረቀርቅ ጭረት ትታያለች። ዘይት የሚፈስበት ቡሎን ከእሷ ሁለት ጣት ብቻ ይርቃል። ያሳመነኝ የሰው ምክር ሳይሆን ያቺ ጭረት ናት። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት እንዲህ እዩ፤ ነገር ግን በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር በፍጹም አትግቡ፣ የሚደግፈው ማቆሚያ ይኑር።

«ካሰርኩ በኋላ አልሰጋም»

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ለሚኒቫን የሚሸጠው ብረት በአብዛኛው የሚሸፍነው ሞተሩንና ካምቢዮውን ነው። ከዚያ በስተኋላ ያሉት የነዳጅ ታንከር፣ ማርሚታና የፍሬን ቱቦዎች ከብረቱ ውጭ ናቸው። ብረቱ ራሱም ቦታ ይይዛል፤ እንደ አሠራሩ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ከከፍታው ሊወስድ ይችላል። አነዳዱ ያው የበፊቱ ጥንቃቄ ያለበት መሆን አለበት።

ሌላም አለ። ዘይት ሲያንጠባጥብ መሬት ላይ በሚተወው ጠብታ እናውቅ ነበር። ብረት ሲኖር ዘይቱ እላዩ ላይ ይጠራቀምና መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የዘይቱን ልክ በመለኪያው ዘንግ አዘውትሮ ማየት ግድ ነው። ከምት በኋላ የዘይት ግፊት መብራት ከበራ «ጋራዥ ድረስ ልድረስ» ማለት የለም። ዳር ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው፤ ያለ ዘይት የሚሠራ ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊነክስ፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል።

«ወፍራሙ ሁልጊዜ ይሻላል»

አንድ ካሬ ሜትር፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ 23.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ስፋት 4 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ከ11 ኪሎ አይበልጥም። ከውፍረቱ ይልቅ የታሰረበትን ቦታ ጠይቁ። ሞተሩን ከተሸከመው ጠንካራ ፍሬም ጋር ካልተያያዘ፣ ስስ ላሜራ ላይ የታሰረ ብረት በአንድ ምት ተገንጥሎ ይጎተታል። የፊት ጠርዙም ወደ ላይ የታጠፈ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ድንጋዩን ከማንሸራተት ይልቅ ይገጨዋል።

«ሞተር ያግላል»

ይህ በከፊል እውነት ነው። ለመኪናው ሞዴል ተለክቶ የተሠራና የአየር መውጫ ያለው ከሆነ ብዙም አያሰጋም፤ በግምት ተቆርጦ ሁሉን የደፈነ ግን ሙቀት ያፍናል። ደረቅ ሣርም በላዩ ሊጠራቀምና ከጋለ የጭስ ማውጫ ቱቦ አጠገብ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ብረቱ ወርዶ ይጸዳ፤ ሲመለስም ቡሎኖቹ በደንብ ይጥበቁ።