ሕገ መንግሥት ማሻሻል ለምን ይከብዳል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተገኘ አለቀ»

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የማን ሁለት ሦስተኛ የሚለው ነው። የጃፓን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 የሚቆጥረው ከየምክር ቤቱ ጠቅላላ አባላት ነው። 465 መቀመጫ ባለው የታችኛው ምክር ቤት 310 ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ከስብሰባው የቀረ አባል በተግባር እንደተቃወመ ይቆጠራል። የአሜሪካ ኮንግረስ ግን ምልዓተ ጉባኤ ከተሟላ የሚቆጥረው የተገኙትን ብቻ ነው። ከ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት 218 ቢገኙ 146 ድምፅ ይበቃል።

ይህም ቢሆን ገና የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በጃፓን ሕዝበ ውሳኔ፣ በአሜሪካ ከ50 ግዛቶች የ38ቱ ማጽደቅ ይቀራል። የጾታ እኩልነት ማሻሻያው በ1972 ኮንግረስን ቢያልፍም፣ እስከ 1982 በተራዘመለት የጊዜ ገደብ ውስጥ ያጸደቁት 35 ግዛቶች ብቻ ስለነበሩ የሕገ መንግሥቱ አካል ሊሆን አልቻለም።

«ፕሬዚዳንቱ ካልፈረመ አይጸድቅም»

በአሜሪካ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ አያስፈልግም፤ ማሻሻያውን ውድቅ የማድረግ ሥልጣንም የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1798 ወስኗል።

«አብዛኛው ሕዝብ ከደገፈው ማንም አያግደውም»

በብዙ አገሮች ሕዝቡ በቀጥታ አይጠየቅም። የአሜሪካ፣ የሕንድና የኢትዮጵያ የማሻሻያ ሥርዓቶች ሕዝበ ውሳኔን አይጠይቁም። በሚጠየቅበት አገርም ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ላይበቃ ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ ከአገር አቀፉ አብላጫ ድምፅ በተጨማሪ ከ6ቱ ግዛቶች ቢያንስ በ4ቱ ማሸነፍ ግድ ነው። በ1977 የሁለቱን ምክር ቤቶች ምርጫ በአንድ ቀን ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ 62 በመቶ ድጋፍ አገኘ፤ ያሸነፈው ግን በ3 ግዛቶች ብቻ ስለነበር ወደቀ።

የዴንማርኩ የ1939 ውጤት ይበልጥ ያስቆጫል። ድምፅ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አዎ» ብለው ነበር። ሕጉ ግን የሚቆጥረው ከመራጩ ጠቅላላ ብዛት ስለነበር የ45 በመቶ ድጋፍ ይጠይቅ ነበር፤ የተገኘው 44.5 በመቶ ገደማ ነው። ማሻሻያውን የጣለው ቤቱ የቀረው መራጭ ነው። ከ1953 ወዲህ መስፈርቱ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ብሏል።

«ሁሉም አንቀጽ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሻሻላል»

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 105 ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መብቶችና ነጻነቶች፣ እንዲሁም አንቀጽ 104 እና 105 ራሳቸው የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ሲደግፉ ነው። ለሌሎቹ ድንጋጌዎች የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የሁለት ሦስተኛ ክልሎች ምክር ቤቶች ይሁንታ ይበቃል። ክልሎቹ 9 ሳሉ 6 ይበቁ ነበር፤ 12 ሲሆኑ 8 ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መንገድ ግን አንድ የክልል ምክር ቤት ብቻ እምቢ ቢል ማሻሻያው ይቆማል፤ አዲስ ክልል በተጨመረ ቁጥር እምቢ ማለት የሚችል አንድ ምክር ቤት ይጨመራል።

ጭራሽ የማይነካም አለ። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 79(3) የሰብአዊ ክብርን መርህና የፌዴራል አወቃቀሩን ከማሻሻያ ውጭ አድርጓል። በሕንድ እንዲህ ያለ አንቀጽ ባይኖርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በ7 ለ6 ድምፅ ፓርላማው የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ መዋቅር ማፍረስ እንደማይችል ወሰነ። በ2015 የዳኞችን አሿሿም የቀየረውን 99ኛውን ማሻሻያ የሻረውም በዚሁ መርህ ነው።

«የቆየ ሐሳብ ይሞታል»

የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠለት አይሞትም። የአሜሪካ 27ኛው ማሻሻያ በ1789 ቀርቦ የጸደቀው በ1992 ነው።

«መስፈርቱን ማየት ክብደቱን ለመገመት ይበቃል»

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስታል። ጀርመንም ጃፓንም በሁለቱም ምክር ቤቶቻቸው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃሉ። የጀርመኑ ከ1949 ወዲህ ከ60 ጊዜ በላይ ተሻሽሏል፤ የጃፓኑ በ1947 ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ አንዴም አልተሻሻለም። አንዱ ምክንያት የጽሑፉ ዝርዝርነት ነው። የጀርመኑ የግብርና የሥልጣን ክፍፍልን በጥልቀት ስለሚደነግግ አሠራር ሲቀየር ጽሑፉም መቀየር አለበት፤ አጭሩ የጃፓን ሕገ መንግሥት ግን ብዙውን ነገር ለተራ ሕግ ትቶታል። በጀርመን ትልልቆቹ ፓርቲዎች ተደራድረው መስማማት ለምደዋል፤ በጃፓን ጦርነትን የሚከለክለው አንቀጽ 9 ክርክሩን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞታል። በዚያ ላይ የጃፓኑ ሕዝበ ውሳኔ የሚፈጸምበት ሕግ የወጣው በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ ምክር ቤቶቹ ቢስማሙ እንኳ ሕዝቡ በምን ሥርዓት እንደሚጠየቅ የሚደነግግ ሕግ አልነበረም።