የድሮ የነሐስ ማይክሮስኮፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ወደ ፖስታ ቤት ስትወርዱ የጥንታዊ ዕቃ ሱቆች አሉ። ከመስቀሉና ከጀበናው መሃል ባለ ሁለት ዓይን የነሐስ ማይክሮስኮፕ ካያችሁ ቆም በሉ። ስለዚህ ዕቃ በልማድ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ልክ ያልሆነው ደግሞ ዕቃውን እስከ ማበላሸት ይደርሳል።

«ነሐስ ካላብረቀረቀ ምን ዋጋ አለው?»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የተሠሩት ማይክሮስኮፖች ነሐሳቸው ባዶውን አልተተወም። ሼላክ የሚባል ወርቃማ ስስ ቫርኒሽ ተቀብቷል። በብራሶ ወይም በሎሚና በአመድ ሲፈተግ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። ነሐሱ ለትንሽ ጊዜ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። አልኮልም ሼላክን ያሟሟል፤ ሳኒታይዘር የነካው ጨርቅ እንዳታስጠጉት። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

«ሁለት ዓይን ስላለው እጥፍ ያጎላል»

በፍጹም። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሲስ ዌንሃም የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከታችኛው ሌንስ በላይ አንዲት ትንሽ ፕሪዝም (የብርሃንን አቅጣጫ የምትቀይር ባለ ማዕዘን ብርጭቆ) አስገባ። ፕሪዝሟ የብርሃኑን ግማሽ ወደ ዘመመው ቱቦ ትልከዋለች። ሌላው ግማሽ ቀጥ ባለው ቱቦ ያልፋል። ሁለቱ ዓይኖች ትንሽ የተለያየ ምስል ስለሚደርሳቸው ነገሩ ጥልቀት ያወጣል። የዝንብ ጭንቅላት አስቀምጣችሁ እዩ፤ ዓይኗ ጉብ ብሎ፣ ፀጉሯ ወደ እናንተ ቆሞ ይታያል። የዛሬዎቹ የላቦራቶሪ ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፖች አብዛኞቹ ይህን አይሰጡም፤ ለሁለቱም ዓይን የሚልኩት አንድ ዓይነት ምስል ነው።

«አንዱ ዓይን ጨልሟል፣ ተበላሽቷል»

አትቸኩሉ። ቱቦዎቹ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ፣ በጎን በኩል፣ እንደ መሳቢያ የምትንሸራተት ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለች። ፕሪዝሟ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ ስትሳብ የዘመመው ቱቦ ይጨልማል፣ ቀጥ ያለው ብቻ ይሠራል። ሆን ተብሎ ነው፤ በከፍተኛ ማጉላት ላይ ፕሪዝሟ ምስሉን ስለምታበላሸው። ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፏት። ደህና ዕቃ «የተበላሸ» ተብሎ መጣሉ ያንገበግባል።

«¼ የተጻፈበት ደካማው ሌንስ ነው»

ተቃራኒው ነው። ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርቀት በኢንች ነው። ባለ 10 ኢንች ቱቦ ላይ የ1 ኢንቹ ሌንስ 10 እጥፍ ገደማ፣ የ¼ው 40 እጥፍ ገደማ ያጎላል። የዓይን ሌንሱ ደግሞ ያንን ያባዛዋል።

«አሮጌ ስለሆነ ጀርም አያሳይም»

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን የወባን ተሕዋስ አልጄሪያ ውስጥ ያየው በ1880 ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ያሳወቀው በ1882። ሁለቱም የሠሩት በዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ ነው። ጥሩ ሌንስ ካለው ያሳያል። ቫይረስ ግን አትጠብቁ።

«አብረውት የመጡትን ትርፍራፊ ዕቃዎች ለቁራሌው ስጡት»

እባካችሁ አትስጡ። ምናለሽ ተራ ሲደርሱ በኪሎ የሚመዘኑ ብረታ ብረት ናቸው፤ ማይክሮስኮፑ ግን ያለ እነሱ ጎዶሎ ነው። በራሱ መቆሚያ ላይ ያለው ወፍራም ሌንስ ብርሃን ከላይ ይሰበስባል፤ ያቺ ዝንብ ጥርት ብላ የምትታየው በእሱ ነው። ክዳን ያላት ክብ የብርጭቆ ዕቃ ትንሽ ነፍሳትን በሕይወት እንዳለ ይዛ ታሳያለች። ከስላይዱ (ናሙናው ከሚቀመጥበት ስስ መስታወት) ሥርና ከላይ የሚገቡት፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉት ጥንድ የኒኮል ፕሪዝሞች ደግሞ ድንቅ ናቸው፦ የድንች ስታርች በመሃላቸው ሲታይ እያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ጥቁር መስቀል ይወጣል። የእንጨት ሳጥኑንም ያዙ። ባዶ የቀሩት ጎድጓዶች የጎደለውን ይነግሯችኋል።

«ለንደን የሚል ስለተቀረጸበት ኦሪጅናል ነው»

ጽሑፍ ማንም ይቀርጻል። ለጌጥ የሚሠሩ አዳዲስ የነሐስ ዕቃዎችም ይህንኑ ይዘው ይሸጣሉ። መዘውሩን አዙሩት፤ ቱቦው ሳይንቀጠቀጥ በዝግታ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ ስላይድ አድርጋችሁ ምስል መስጠቱን አረጋግጡ።

«ከሥሩ ያለውን የብርሃን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙሩት»

አደገኛ ነው። ተሰብስቦ የሚመጣው ጨረር ዓይን ያጠፋል። በመስኮት የሚገባው የሰማይ ብርሃን ይበቃል። ልጆች ሲያዩበት አጠገባቸው ሁኑ።